አማካይ ሄሞግሎቢን ከመቶ በላይ ሆኖ ለምን ወጣ? ከስታታ ጥያቄ ተነሥቶ ጾም፣ ጤፍና ደጋ ላይ የደረሰ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን ያቀረበችው በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፏን በመሥራት ላይ ያለች ተማሪ ናት። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶች ፋይል ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከፍታ፣ ቪ456 ከተባለው ቫሪያብል (የመረጃ ዓምድ) በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን የሄሞግሎቢንን አማካይ ብታወጣ ከመቶ በላይ የሆነ ቁጥር መጣላት። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን በጤናማ ሴት ከ12 እስከ 16 ግራም ገደማ ስለሆነ ውጤቱ እውነት ሊሆን እንደማይችል ተረድታለች። በአስር አካፍላ ስትሞክርም አማካዩ አሁንም ከተለመደው በላይ ሆነባት፤ ደም ማነስ ያለባቸው ሴቶች ድርሻም ሪፖርቱ ካሳተመው 24 በመቶ ጋር አልገጠመላትም። ችግሩ ከፋይሉ ይሁን ከአሠራሯ እንዲነግሯት በትሕትና ጠየቀች። በመጨረሻው መስመር ላይም አማካሪዋ የሴቶች ደም ማነስ ዋና ምክንያት ጾም ነው ብለው እንደሚያምኑና እርሷም ይህንኑ ለመፈተሽ እንዳሰበች ጨመረች። የውይይቱ ግማሽ የተነሣው ከዚህች አንዲት መስመር ነው።

ክሩን፣ ማለትም በጥያቄው ሥር የተደረደሩትን መልሶች፣ አንድ በአንድ የምተርከው ተመሳሳይ ጥያቄ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በደረሰ ቁጥር ስለሚመለስ ነው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ የጤናውን ክርክር ከርእስ የወጣ ብለው ነቅፈውታል። እኔ ግን ሁለቱ ክፍሎች የአንድ ጉዳይ ሁለት ጫፎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ኋላ ሰዎች የተጣሉባቸው ቁጥሮች የተሠሩት በመጀመሪያዎቹ አሥር መልሶች ውስጥ በተብራሩት ትእዛዞች ነውና።

መልሶቹ

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር። መላሹ ፋይሉ ጤናማ መሆኑን አረጋግጦ፣ የጥናቱ አዘጋጆች ሄሞግሎቢንን የሚመዘግቡት የነጥብ ምልክቱን አስቀርተው ስለሆነ 126 የሚለው ቁጥር 12.6 ግራም ማለት እንደሆነ አስረዳ። ቀጥሎም ሴትየዋ ቤት ካልተገኘች 994፣ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነች 995፣ በሌላ ምክንያት ካልተለካች 996 የሚል ኮድ እንደሚሞላ ገለጸ። እነዚህ ኮዶች በአስር ሲካፈሉ 99 ግራም ተኩል ገደማ ሄሞግሎቢን ያላት ሴት ስለሚያስመስሉ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። የኮድ ማብራሪያ ሰነዱን ሳያነቡ ቫሪያብል መንካት እንደማይገባም መከራት።

2ኛው መልስ የመጀመሪያውን ደግፎ፣ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ እጅግ ጠቃሚ የሆነውን ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ኮዶቹን ወደ ባዶ፣ ማለትም ስታታ በነጥብ ወደሚወክለው የጎደለ ዋጋ፣ መለወጥ ትክክል ቢሆንም በዚያ ብቻ ሥራው አይጠናቀቅም። ስታታ የጎደለን ዋጋ ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ከ12 በታች የሆነችውን ሴት 1፣ ሌላዋን 0 በል ተብሎ ቢታዘዝ ደሟ ያልተለካውን ሴት ደም ማነስ የሌለባት አድርጎ ይመዘግባታል፤ ከ12 በላይ የሆነችውን ቁጠር ቢባልም ያችኑ ያልተለካች ሴት ከጤነኞቹ ጋር ይደምራታል። በዚህም ድርሻው ካለበት ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ምንም ዓይነት የስሕተት መልእክት አያሳይም። ስለዚህ ዋጋው ያልጎደለ መሆኑን የሚጠይቅ ሁኔታ በትእዛዙ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። መላሹ ለንጽጽር ያህል፣ አር በተባለው ፕሮግራም ያው ንጽጽር በጎደለ ዋጋ ላይ ሲደረግ ውጤቱም የጎደለ ሆኖ እንደሚወጣ፣ አማካይ ሲጠየቅም ተጠቃሚው የጎደሉትን አውጣ ብሎ እስኪያዝ ድረስ ቁጥር እንደማይሰጥ አስታወሰ።

3ኛው ይህን ንጽጽር ይዞ ተማሪዋ ስታታን ትታ ወደ አር እንድትሻገር መከረ፤ አር በነፃ የሚገኝ መሆኑንና ፈቃድ ለመግዛት አቅም ለሌለው ተማሪ የተሻለ መሆኑን ጠቀሰ። 4ኛው ይህን በቁጣ ተቀበለው። የተጠየቀው በስታታ እንደሆነ፣ ጽሑፏን ለማስገባት የተቸገረችን ተማሪ ቋንቋ ቀይሪ ማለት እርዳታ እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለው ምክር በየጥያቄው ሥር መደጋገሙ እንዳሰለቸው ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ በዚያ ሰዓት ግን ለጠያቂዋ የሚበጀው የ4ኛው ነበር።

5ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ በሚል መንፈስ፣ በዚያው ፋይል ውስጥ ቪ457 የተባለ ዝግጁ ቫሪያብል መኖሩን ጠቆመ፤ 1 ከባድ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ቀላል ደም ማነስ፣ 4 ደግሞ ደም ማነስ የሌለባት ማለት ነው። 6ኛው በዚህ ተስማምቶ ለምን ዝግጁው እንደሚሻል አብራራ። ጠያቂዋ ለሁሉም ሴት 12 ግራምን መለያ አድርጋ ነበር፤ ለነፍሰ ጡር ሴት መለያው 11 ግራም ነው። ከዚህም በላይ ቪ456 ከጣት ተወግቶ ከተወሰደ ደም በሄሞኪዩ መሣሪያ የተነበበው ጥሬ ቁጥር አይደለም፤ ጥሬው ቪ453 ሲሆን፣ ቪ456 ከእርሱ ላይ ለመኖሪያው ከፍታና ለማጨስ ማስተካከያ ተደርጎበት የተገኘ ነው። የሰው አካል ኦክስጅን በሳሳበት ደጋ ሄሞግሎቢን ስለሚያበዛ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ከፍታው በጨመረ መጠን ከልኬቱ ላይ ይቀነሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ቅነሳው ከ1 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ መሣሪያው 12.8 ያነበበላት ያልጸነሰች የአዲስ አበባ ሴት በፋይሉ 11.7 ሆና ደም ማነስ ካለባቸው ጋር ትመደባለች። ይህ አንቀጽ በዚያን ጊዜ ብዙ ትኩረት አላገኘም። ኋላ ግን ክርክሩ ሁሉ ወደ እርሱ ተመልሷል።

በ7ኛው መልስ አንድ ተሳታፊ ራሱ እንዲሞክረው ፋይሉን በኢሜይል እንድትልክለት ጠየቃት። 8ኛው ፈጥኖ ከለከለ፦ መረጃው የሚሰጠው ተመዝግቦ ዓላማውን ላስታወቀ ሰው እንደሆነ፣ የተቀበለው ሰውም ያለ ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይችል ውሉ ይደነግጋል። ደማቸውን ለሰጡ ሴቶች የተገባ ቃል ስለሆነ በቸልታ ሊታይ አይገባም ሲልም አሳሰበ። ጠያቂው ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ በዚያው ተቋጨ።

9ኛው መልስ ረጅም ነበር፤ ርዝመቱም የሚገባው ነበር። ጠያቂዋ የናሙና ክብደት (እያንዳንዷ ተጠያቂ በሕዝቡ ውስጥ ባላት ድርሻ ልክ እንድትቆጠር የሚያደርግ ቁጥር) እንዳልተጠቀመች መላሹ ከጽሑፏ ተረድቶ፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያዛባ በጥናቱ ቁጥሮች አሳየ። ቃለ መጠይቅ ከተደረገላቸው 15,683 ሴቶች መካከል 1,128 ከአፋር፣ 1,892 ከኦሮሚያ ነበሩ። በጥሬው ሲታይ ኦሮሚያ የአፋርን እጥፍ እንኳ አይሞላም። ክብደቱ ሲሰላ ግን አፋር ወደ 128 ይወርዳል፣ ኦሮሚያ ወደ 5,701 ይወጣል፤ የሁለቱ ክልሎች የሕዝብ ብዛት ልዩነት ይህን ያህል ነውና። ትንንሾቹ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ የተጠየቁት ለእያንዳንዳቸው የሚታመን ቁጥር እንዲገኝ ታስቦ ነው። ክብደቱ የተተወ እንደሆነ ግን ደም ማነስ የበዛባቸው አፋርና ሶማሌ የአገሪቱን አማካይ ወደ ላይ ይስቡታል። ስለዚህ ቪ005ን በ1,000,000 አካፍሎ እንደ ክብደት መጠቀም ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ማስገባት እፈልጋለሁ፤ ከተሳታፊዎቹ ማንም በቀጥታ አላለውምና። በ2ኛው መልስ የተነገረው የጎደለ ዋጋ ስሕተት ድርሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ በ9ኛው የተነገረው የክብደት መተው ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም በአንድ ተማሪ ሥራ ውስጥ ቢገናኙ ተካክሰው 24 አካባቢ ሊያርፉ ይችላሉ። ቁጥሩ ከሪፖርቱ ጋር ስለ ገጠመ ብቻ አሠራሩ ትክክል ነው ብሎ የሚያሳልፍ አማካሪ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ በክልል ተከፋፍሎ ሲታይ ያ ተማሪ የሚያወጣው ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

10ኛው መልስ የጥናቱን ንድፍ ለፕሮግራሙ የማስታወቅን ነገር አነሣ። ሴቶቹ አንድ በአንድ በዕጣ አልተመረጡም፤ በመጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው ቤተሰቦች ከየቦታው ተወስደዋል። የአንድ መንደር ሴቶች ምግባቸውም ውሃቸውም ስለሚመሳሰል ይህን የዘነጋ ትንታኔ የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለውን ወሰን) ከሚገባው በላይ ያጠብበዋል። ስለሆነም የቆጠራ ቦታውን በያዘው ቪ021፣ ስትራታውን (ቦታዎቹ ከመመረጣቸው በፊት አገሪቱ የተከፈለችባቸውን ምድቦች) በያዘው ቫሪያብልና በክብደቱ ንድፉ መታወጅ አለበት። ስትራታው ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ ምድቦቹን መቁጠር ይበቃል፦ ናሙናው የተመረጠባቸው አሥራ አንዱም ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በከተማና በገጠር ተከፍለው፣ አዲስ አበባ ከተማ ብቻ ስለሆነች፣ 21 ሊሆኑ ይገባል። ትንታኔው ለነፍሰ ጡሮች ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹን ከፋይሉ መሰረዝ አይገባም፤ በስታታ የንዑስ ሕዝብ አማራጩን፣ በአር ደግሞ ንድፉ ከታወጀ በኋላ የሚደረገውን መለያ መጠቀም ይሻላል። ጠያቂዋ አመስግና ልትሞክረው ሄደች። ክሩ እዚህ ቢያበቃ ማንም አይገረምም ነበር።

በ11ኛው መልስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መላሹ የአማካሪዋን ሐሳብ ደግፎ፣ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንደሚከለከሉ ጠቀሰ፤ ከሥጋ የሚገኘው ብረት ከእህል ከሚገኘው በተሻለ በሰውነት ስለሚወሰድ፣ ደም ማነሱን ለማብራራት ከዚህ ያለፈ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም አለ። ቃላቱ ድፍረት ነበረባቸው፤ ጾሙን ራሱን እንደ በሽታ የቆጠሩ ይመስሉ ነበር።

12ኛው በአንድ ደብር በዲቁና እንደሚያገለግል ገልጾ በከረረ ቃል መለሰ። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ጾሙን እንደሚያቀልሉ፣ የጾም ገበታም ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሞላበት እንደሆነ አስታውሶ፣ የሃይማኖትን ሥርዓት ያለ ማስረጃ መክሰስ ምሁርነት አይደለም ሲል ጻፈ። የተቆጣበት ምክንያት ይገባኛል። ማስረጃ መጠየቁም ትክክል ነበር። የቀደመውን መላሽ አላዋቂ ማለቱ ግን ለክርክሩ የጨመረው ነገር የለም።

13ኛው ለማስታረቅ አስቦ ጤፍን አነሣ። ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ስለሆነ፣ በተለይ ቀይ ጤፍ የሚበላ ሰው ጾመኛ ቢሆንም ደም አያንሰውም፤ እናቱም ለአራስ ሁልጊዜ ቀይ ጤፍ ይመርጡ እንደነበር ተረከ። 14ኛው፣ በምግብ ሳይንስ ላይ እንደሚሠራ የጠቀሰ፣ ይህን በአክብሮት አረመ። በጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት በ100 ግራም ከ10 ሚሊ ግራም በታች ጀምሮ ከ100 በላይ እስከሚደርስ ይለያያል፤ ለዚህ ሰፊ ልዩነት አንዱ ምክንያት አፈር ነው። ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ፣ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በብረት የበለጸገ አፈር ይቀላቀልበታል፤ ሲታጠብ የሚለካው ብረት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከአፈር የመጣውም ብረት በአብዛኛው ለሰውነት አይጠቅምም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ የቀረውን ብረት ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ ሲብላላ ግን ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ ሊጥ ከተቻኮለው ይሻላል።

15ኛው መልስ ቡናን አመጣ፤ ብዙ ሰው የተሳተፈውም በእርሱ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ የተጠጣ ቡና ጉዳት አላሳየም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። ከምሳ በኋላ ቡና ማፍላት ልማዳችን ስለሆነ ይህ ግኝት ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው፤ እንዲህ የሚል ሰው ግን ጥናቱ የተካሄደው በሀምበርገር ምግብ ላይ መሆኑንም አብሮ መናገር አለበት፤ መላሹም ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ስለ ሎሚና ስለ ቃሪያ ቪታሚን ሲ ጽፈው አለፉ።

19ኛው መልስ የአንዲት ነርስ ነበር፤ ቃሏም ቆፍጠን ያለ ነበር። ወንዶቹ ስለ ጤፍና ስለ ቡና ሲከራከሩ ነፍሰ ጡሮቹ ክኒን እንኳ እንደማያገኙ የረሱ መሰላት። በዚያው ጥናት ከመጨረሻ እርግዝናቸው ጋር በተያያዘ የብረት ክኒን ጨርሶ የወሰዱት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀጥላም ክርክሩን ከሥሩ የነቀነቀ ጥያቄ አቀረበች። የሴቶች ደም ማነስ በአዲስ አበባ 16 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል 60 በመቶ ነው። የሶማሌ ክልል ሴቶች ዐቢይ ጾምን አይጾሙም፤ ታዲያ ጾም ዋናው ምክንያት ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል? አርብቶ አደር የሚመገበው ወተት ብረቱ እጅግ አነስተኛ መሆኑን፣ ቆላው ወባ ያለበት መሆኑንም አስታወሰች።

20ኛው መልስ አመስግኗት ጥንቃቄ ጨመረ። ክልልን ከክልል ማወዳደር ስለ አንዲት ጾመኛ ሴት ምንም አይናገርም፤ ሶማሌ ከአዲስ አበባ የሚለየው በጾም ብቻ አይደለምና። ይልቁንም ፋይሉ ሃይማኖትን በቪ130 ስለያዘ፣ በአንድ ክልል፣ በአንድ የመኖሪያ ዓይነትና በተቀራረበ የኑሮ ደረጃ ያሉ ሴቶችን በሃይማኖት ለይቶ ማወዳደር ይቻላል። ከዚያም ያላሰብኩትን መንገድ አሳየ። የመስክ ሥራው የተካሄደው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 28 ገብቶ ትንሣኤ ሚያዝያ 23 ስለዋለ፣ ጾሙ ሙሉ በሙሉ በመስክ ሥራው ውስጥ ወድቋል። የቃለ መጠይቁ ወርና ቀን በፋይሉ ውስጥ አለ፤ የኢትዮጵያው ጥናት ቀኖችም በእኛው አቆጣጠር የተመዘገቡ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም፤ እንዲያውም የፈረንጅ ቀን መስሎት የሚያሰላ ሰው ፋይሉን በሰባትና በስምንት ዓመት ያዛንፈዋል። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ የተለኩትን ለይቶ ማየት ይቻላል ማለት ነው።

21ኛው ይህን ሐሳብ ወዶት ሁለት እንቅፋቶች እንዳሉበት አመለከተ። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የ55 ቀን ጾም ያመጣው ለውጥ ካለ ወዲያው በሄሞግሎቢን ላይ አይታይም። መረጃ ሰብሳቢዎቹም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ስለሠሩ በየካቲት የተለኩት ሴቶችና በግንቦት የተለኩት የአንድ መንደር ሴቶች አይደሉም። ከሁሉም በላይ ጥናቱ የለካው ሄሞግሎቢንን እንጂ በሰውነት የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን አይደለም። ደም ማነስ ደግሞ ከብረት እጥረት ሌላ በወባ፣ በመንጠቆ ትል፣ በፎሌትና በቢ12 እጥረትም ይመጣል። ስለዚህ የጤፉም የቡናውም ጥያቄ በዚህ ፋይል ሊመለስ አይችልም። በእኔ አመለካከት የ20ኛውና የ21ኛው መልሶች መከባበር ያለበት ሙግት ምን እንደሚመስል ያሳያሉ፤ አንዱ መንገድ ጠርጎ ሌላው ጉድጓዱን ያመለክታል፣ ጠያቂዋም በሁለቱም ትጠቀማለች።

11ኛው መላሽ በ22ኛው ተመልሶ መጣና ከቀደመው ለዘብ ባለ ቃል አሁንም ጾም ድርሻ እንዳለው እንደሚያምን ጻፈ። ዲያቆኑ በ23ኛው በድጋሚ ሊጋጨው ሲነሣ የመድረኩ አስተባባሪ ጣልቃ ገብተው፣ ስለ ሃይማኖት የሚደረገው መነካካት በዚህ እንዲያበቃ ካሳሰቡ በኋላ ውይይቱ ወደ መረጃው እንዲመለስ ለመኑ። ሁለቱም ታዘዙ።

ውይይቱን ወደ 6ኛው መልስ የመለሰው 25ኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ተወላጆችን ለክተው፣ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም መሆኑን አሳትመዋል፤ ይህ በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙ የማይርቅ ቁጥር ነው። በዚያ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው እጅግ ከፍ ይላል። እንግዲህ የደጋ ሰዎቻችን አካል ለከፍታው ሄሞግሎቢን ካላበዛ፣ ከልኬታቸው ላይ ለከፍታ መቀነስ ጤነኛውን ደም አንሶታል ብሎ መመዝገብ ሊሆን ይችላል። መላሹ ከዚህ ተነሥቶ የደጋው ደም ማነስ በቀመር የተፈጠረ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

26ኛው፣ በአሜሪካ ዴንቨር የሚኖርና በሆስፒታል መረጃ ላይ የሚሠራ፣ እርሱ ባለበት በ1,609 ሜትር ከፍታ አንድ ሐኪም የታካሚውን ውጤት የሚያነበው በቤተ ሙከራው መለያ ቁጥር እንጂ ለከፍታ ቀንሶ እንዳልሆነ ጻፈ። በክሊኒክ ጤነኛ የተባለች ሴት በጥናት ፋይል ውስጥ ደም ያነሳት ተብላ ልትገኝ የምትችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

27ኛው መልስ ግን 25ኛውን በሁለት ነጥብ ገታው። አንደኛ፣ የደጋ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በባሌ ተራሮች የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ከስሜን አማሮች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ስለዚህ ለሁሉም ማስተካከያውን ማንሣት ለሁሉም ከማድረግ የተሻለ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ማስተካከያው ቢነሣ የሚወርደው የደጋው ቁጥር ነው። የሶማሌ ክልል በአብዛኛው ቆላ ስለሆነ የእርሱ 60 በመቶ ብዙም አይነካም፤ በነርሷ የተጠየቀው ልዩነት ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ይህ ክርክር ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ስለዚህ ነው፤ በቀመሩ የሚብራራው የደጋው ቁጥር የዚህን ያህል ሲያነጋግር፣ በቀመር የማይብራራው የቆላዎቹ ሴቶች ሥቃይ በአንዲት ነርስ ብቻ ተነሥቶ ዝም ተብሏል።

ጠያቂዋ በ28ኛው ተመለሰች። ኮዶቹን አውጥታ፣ የጎደሉትን ለይታ፣ ክብደቱንና ንድፉን አውጃ ውጤቷ ከሪፖርቱ 24 በመቶ ጋር፣ በየክልሉም ከታተሙት ቁጥሮች ጋር መግጠሙን አበሰረች። ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግራም ስለ ጾም የነበረውን መላ ምት ትታ፣ ደም ማነስን በጥሬው ቪ453ና በተስተካከለው ቪ456 ጎን ለጎን፣ የቆጠራ ቦታውን ከፍታ በያዘው ቪ040 እየመደበች ልትሠራ እንደወሰነች ገለጸች። ነርሷንም በስም ጠርታ እህቴ ብላ አመሰገነቻት።

29ኛው ተሳታፊ ያንኑ ለሕፃናት መሥራት እንደሚፈልግ ጠየቀ። 30ኛው፣ ይኸው 10ኛውን መልስ የጻፈው ሰው፣ ለዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት የቤተሰብ አባላትን ፋይል፣ ኤችሲ57 የተባለውን ቫሪያብልና የቤተሰቡን ክብደት ኤችቪ005ን እንዲጠቀም ነገረው፤ ሲሳካለት በአገር ደረጃ 57 በመቶ፣ በአማራ ክልል 42፣ በሶማሌ 83 በመቶ ማግኘት አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ። ፋይሉ የተሠራው ለእነዚህ ሕፃናት በሙሉ 11 ግራምን መለያ አድርጎ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉት መለያውን ወደ 10.5 አውርዶ፣ የከፍታ ማስተካከያውንም ከ500 ሜትር ጀምሮ እንዲሆን ለውጦታል። ስለዚህ የ2008ቱን ጥናት በአዲሱ መመሪያ ከሚሠራ ጥናት ጋር የሚያወዳድር ሰው ዝግጁውን ቫሪያብል ትቶ፣ ከጥሬው ኤችሲ53 ተነሥቶ ሁለቱንም በአንድ መለያ እንደገና ማስላት ይኖርበታል።